አዲስ አበባ ላይ ቤት ልገዛ ነው ላላችሁ

ጥያቄያችሁ ተጠራቅሟል። ግንባታ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከሰፈራችን አዳዲስ ፎቆች ግማሾቹ ማታ መብራት የላቸውም። ሰው ካልገባባቸው ዋጋቸው ለምን አይወርድም?

መልስ፦ ብዙዎቹ የተገዙት ሊኖርባቸው አይደለማ! ብር ባንክ ቢቀመጥ የዋጋ ንረቱ ይበላዋል። ቤት ግን ባዶውንም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው፣ ግማሹ የፊኒሺንግ ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሻጩም ዋጋ የሚቆርጠው የነገውን ምንዛሪ አስቦ ነው። የእኔና የአንተ ደሞዝ እዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ የከተማው ዳር ሜዳ አይደል? ቦታ እንዴት ይወደዳል?

መልስ፦ ከ1967 ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። አንተ የምታገኘው በሊዝ የመጠቀም መብት ነው፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት። ጨረታ ካልወጣ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ 10 በመቶ ብቻ ከፍለህ ግባ እያሉኝ ነው። ልፈርም?

መልስ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ላውራህ። አንድ ዘመዴ ውሉን ይዞልኝ መጣ። “ባለ ሦስት መኝታ፣ 130 ካሬ” ይላል። ቤቱ ድረስ ሄደን በሜትር ለካን። ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው 98 ካሬ ነው። የቀረውስ? ደረጃው፣ ኮሪደሩና የሊፍቱ ጉድጓድ በድርሻው ተሰልተው ተጨምረውበታል። ውሉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ አልዋሹትም እንግዲህ!

ስለዚህ የተጣራውን ስፋት በቁጥር አስጽፍ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ክፍለ ከተማው ሄደህ አጣራ። የግንባታ ፈቃዱንም እይ፤ 12 ፎቅ የተፈቀደለት 15ኛውን ሲሸጥ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ “የዋጋ ማስተካከያ” የሚለውን አንቀጽ ደጋግመህ አንብብ። ጭማሪው ከስንት እንደማያልፍ ካልተጻፈ የፈረምከው ዋጋ ዋጋ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዕጣ የወጣለት ሰው ኮንዶሚኒየሙን በውክልና ልሽጥልህ አለኝ።

መልስ፦ ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይፈቀድለት ነው ውክልና የመጣው። ውክልና ግን ይሻራል። ሰውየው ቢሞት ደግሞ ውክልናውም አብሮት ይሞታል። ከዚያ ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ነው። ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለኝ። ለውጭ ዜጋ የወጣው አዲሱ ሕግ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ የ2017ቱ ሕግ ለውጭ ሰዎች ነው። አንቺ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ስለሆንሽ በቢጫ ካርድ፣ ማለትም ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚሰጠው መታወቂያ፣ ድሮም መግዛት ትችያለሽ። ብቻ በስልክ ቪዲዮ አይተሽ አትክፈሪ። የምታምኚው ሰው ሜትር ይዞ ይሂድልሽ።

ጥያቄ፦ ደላላው “ዛሬ ካልፈረምክ ነገ ይጨምራል” አለኝ።

መልስ፦ ለሁሉም ነው የሚለው። ውሉን ለአንድ ሌሊት ቤት ወስጄ ላንብበው በለው፤ ፊቱን እያየህ።