ከአጨዳ በኋላ እግሬ አልነሳ አለኝ

ጥያቄ፦ ሐይቅ አካባቢ የምኖር የ34 ዓመት ገበሬ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጢጥ ብዬ ጤፍ አጨድሁ፤ ማታውን ደግሞ እህል ተሸከምሁ። ጧት ስነሳ ቀኝ እግሬን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማንሳት አቃተኝ፤ ጣቶቼ መሬት ይጎትታሉ፣ ጫማዬ ይወልቃል። ሕመም የለውም፣ የእግሬ ጀርባ ግን ደንዝዟል። ሰው "ወገብህ ተናግቶ ነው፣ ወጌሻ ይይህ" ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁ። ሸክሙ ወገብዎን ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው ቁጢጥታውን ነው። እግርን ወደ ላይ የሚያነሱ ጡንቻዎችን የሚያዘው ነርቭ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል፣ በቀጭኑ የቅልጥም አጥንት አንገት ላይ ይዞራል። እዚያ ላይ ከቆዳ በቀር የሚከልለው የለም ማለት ይቻላል። ለሰዓታት ቁጢጥ ሲሉ ይጨመቃል፣ ደምም ያጥረዋል። አጫጆችና አራሚዎች ላይ የታወቀ ጉዳት ነው፤ በቅርቡ የከሳ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል።

ጉልበት ነው ወይስ ወገብ? ተቀምጠው የደከመውን እግር በእጅዎ ወደ ላይ ደግፈው ይያዙ፤ ካልደገፉት ፈተናው ያሳስታል። ከዚያ ውስጥ እግርዎን ወደ ሌላኛው እግር ለማዞር ይግፉ። ይህ ጠንካራ ሆኖ ወደ ውጭ ማዞሩና ወደ ላይ ማንሳቱ ብቻ ከደከመ ችግሩ ጉልበት አጠገብ ነው። ወደ ውስጥ ማዞሩም ከደከመ፣ በጎን ተኝተው ጭንዎን ማንሳትም ካቃተዎት፣ ከወገብ የሚወጣው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ሲያስልዎ ከወገብ እስከ እግር የሚወረወር ሕመም ይህንን ያጠናክራል፤ ሕመም አለመኖሩ ግን ወገብን ነፃ አያወጣም።

ወሎ ውስጥ ስላሉ ጓያ የተባለውን ጥራጥሬ ይበሉ እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም። በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጨረሻ ደላንታና ዳውንት ላይ ብዙ ሰው ሽባ አድርጓል። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲቆይ ሕመሙ ከከባድ ሥራ በኋላ በድንገት ሊገለጥ ይችላል፤ ግን ሁለቱንም እግር ይገትራል እንጂ አንዱን አያልፈሰፍስም፣ እንደርስዎም አያደነዝዝም። ቆዳዎ ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይህን ያውቃል። ስኳርዎንም ይለኩ።

ሽንት ከተከለከለ፣ በመቀመጫና በብልት መካከል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከደከሙ፣ አፍ ከጠመመ ወይም እጅ ከዛለ፣ አለዚያም ቅልጥምዎ ተወጥሮ ሕመሙ የማይቻል ከሆነ፣ ያኔውኑ ደሴ ይሂዱ። ሌሊትም ቢሆን አይደር።

እነዚህ ከሌሉ በቀናት ውስጥ ሐኪም ይይዎት። እስከዚያው ቁጢጥ አይበሉ፣ እግር አነባብረው አይቀመጡ። ነጠላ ጫማ ትተው የሚታሰር ጫማ ያድርጉ። ሲተኙ ውስጥ እግርዎን በትራስ ደግፈው ቀጥ ያድርጉት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እግሩን በነጠላ ስበው ወደ ላይ 30 ሰከንድ ይያዙት፣ አለበለዚያ የባቱ ጅማት ያጥራል። የደነዘዘውን ቦታም ማታ ማታ ለቁስል ይፈትሹ። ሐኪሙ እግርን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ያዝልዎታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የነርቭ ምርመራ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲሠራ ይበልጥ ይታመናል።

ነርቩ ተጨምቆ ብቻ ከሆነ በሳምንታት፣ ቢዘገይ በ3 ወር ይመለሳል። የነርቩ የውስጥ ክር ከተጎዳ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድግ፤ ወራት ይፈጃል። በ3 ወር ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ጉልበት አጠገብ እብጠት ካለ፣ ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት።

ወጌሻው ወገብዎን እንዳያጣምም፣ የጉልበትዎን ጎንም እንዳያሽ እለምንዎታለሁ። የቫይታሚን ቢ መርፌም እጥረት ከሌለዎት የተጨመቀ ነርቭን አያድንም። ድካሙ ከመጀመሩ በፊት መቀመጫዎ ላይ መርፌ ተወግተው ከነበረ ግን ይህን ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይምጡ፤ መርፌው ራሱ ትልቁን የእግር ነርቭ አግኝቶት ሊሆን ይችላል።