ከሠራዊት የበጀትና ፋይናንስ ሥራ ወደ ሲቪል ሙያ፦ ከወሎ ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ በበጀት ዝግጅት፣ በሂሳብና በወጪ ትንተና ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ ሲቪል ሕይወት የተመለሱ ወይም ለመመለስ የተቃረቡ የአካባቢያችን ልጆች ጥያቄዎቻቸውን እንዲያቀርቡ ጋብዤ ነበር። እኔም ከዚያው ሥራ ተነሥቼ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የግል ድርጅቶችን ሂሳብ የምይዝ በመሆኔ፣ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ተደጋጋሚ የሆኑትን በአንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለዓመታት የበጀት ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ግን ማዕረጌንና የአገልግሎት ዘመኔን ብቻ ስለሚገልጽ፣ ያመለከትኩባቸው ድርጅቶች "ልምድዎ ወታደራዊ ነው" እያሉ ይመልሱኛል። ምን ላድርግ?

አብሽር ወንድሜ፤ የጎደለው ልምድዎ ሳይሆን ደብዳቤው ነው። ቀጣሪው "ሻምበል" የሚለውን ማዕረግ አንብቦ እርስዎ ፔሮል መሥራትዎን፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅዎን ወይም የበጀት ዝውውር ማዘጋጀትዎን ሊያውቅ አይችልም። የሥራ መደብዎን መጠሪያ፣ በመደቡ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩና ዋና ዋና ተግባራትዎን የሚዘረዝር ደብዳቤ እንዲጻፍልዎ ያመልክቱ፤ ገና ያልተሰናበቱ ሰዎች ደግሞ ይህን ከመሰናበታቸው በፊት ቢያስፈጽሙ ብዙ ምልልስ ይቀርላቸዋል።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት፣ የፌዴራል መንግሥት የሂሳብ መደቦች ለሠራዊቱም ለሲቪሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 6111 ሲሆን የሠራዊት ደመወዝ ከእሱ ቀጥሎ 6112 ነው፤ ነዳጅና ቅባት 6217፣ ውሎ አበል 6231፣ የተሽከርካሪ ጥገና 6241 ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ የሚያውቅ ሰው በማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ እንግዳ አይሆንም። ማመልከቻዎ ላይም "በጀት አስተዳድሬያለሁ" በሚል ጥቅል ዓረፍተ ነገር አይለፉት። የነዳጅ ወጪን በየወሩ ከተሽከርካሪው የጉዞ መዝገብና ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር እያነጻጸሩ፣ ልዩነት ሲያገኙ ከነምክንያቱ ለውሳኔ ያቀርቡ ከነበረ፣ እንደዚያው አድርገው ይጻፉት። ቀጣሪው የሚፈልገው ይህን የመሰለ ሥራ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ አሰላሙ አለይኩም። በሠራዊቱ ፋይናንስ ከሠራ ሰው ላይ በግል ድርጅት ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ክፍተት ምንድን ነው?

ወአለይኩሙ ሰላም። ይህ ጥያቄ ከቀረቡልኝ ሁሉ ዋነኛው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

በበጀት ሥራ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ "ለዚህ ወጪ የተፈቀደ በጀት አለ ወይ?" የሚል ነው። በግል ድርጅት ውስጥ ግን "ይህ ወጪ ራሱን መልሶ ትርፍ ያስገኛል ወይ?" የሚል ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። በመጀመሪያው የተካነ ሰው ሁለተኛውን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ አስተሳሰቦች ናቸው። የመንግሥት ሂሳብ በጥቅሉ ሲታይ በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ዘዴ የሚመራ በመሆኑ፣ አንድ መኪና ሲገዛ ዋጋው በተከፈለበት ዓመት ሙሉ በሙሉ በወጪ ይያዛል። የግል ድርጅት ግን ወጪውን ተሽከርካሪው በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ እያከፋፈለ እንደ እርጅና ቅናሽ ይመዘግበዋል።

ከከተማችን ሥራ ምሳሌ ልውሰድ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ጭነት የሚያመላልስ አንድ የጭነት መኪና በ6,000,000 ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ያገለግላል እንበል። በአንድ ወር 400,000 ብር ያስገባል፤ ለነዳጅ 210,000፣ ለሾፌርና ለረዳት ደመወዝና አበል 60,000፣ ለጎማና ለጥገና 70,000 ብር ይወጣል። ባለቤቱ እጁ ላይ የቀረውን 60,000 ብር አይቶ "አተረፍኩ" ይላል፤ ከበጀት ሥራ የመጣውም የሂሳብ ሠራተኛ ገቢና ወጪው ስለተመዘገበና ደረሰኙ ስለተሟላ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን የመኪናው የአንድ ወር እርጅና 50,000 ብር በመሆኑ፣ እውነተኛው ትርፍ 10,000 ብር ብቻ ነው። የነዳጅ ዋጋ ጥቂት እንኳ ቢጨምር ያ መኪና በኪሳራ እየተመላለሰ፣ ባለቤቱ ግን ከ10 ዓመት በኋላ መኪናውን የሚተካበት ገንዘብ ሲያጣ እስኪነቃ ድረስ ሳያውቀው ይኖራል።

ስለዚህ ለመማር የሚያስፈልጉት የአክሩዋል አመዘጋገብ (ገቢና ወጪን ገንዘቡ በተከፈለበት ሳይሆን በሚመለከተው ጊዜ የመመዝገብ ዘዴ)፣ የወጪ ሂሳብና የትርፍና ኪሳራ መግለጫ አነባበብ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 በሥሩ ያሉ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ ስለሚያስገድድ፣ ይህን ዕውቀት ቀጣሪው እንደ ተጨማሪ ነገር አያየውም። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርና ኤክሴልን መልመድም ያስፈልጋል፤ ሆኖም ጽንሰ ሐሳቡ የገባው ሰው ሶፍትዌሩን በአጭር ጊዜ ይለምደዋል፣ ሶፍትዌሩን ብቻ የለመደ ሰው ግን ከላይ ያለውን የ50,000 ብር ጥያቄ ራሱ አያነሣም።

ከወልዲያ፦ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ስለ ቀድሞ ሥራዬ ምን ያህል መናገር እችላለሁ? ምስጢር እንዳላወጣ እፈራለሁ።

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። የስንቅ በጀት ከተነገረና የአንድ ሰው የቀን ስንቅ ተመን ከታወቀ፣ የክፍሉን የሰው ኃይል ቁጥር ማንም በማካፈል ብቻ ያገኘዋል፤ ከነዳጅ ፍጆታም እንዲሁ የእንቅስቃሴን መጠን መገመት ይቻላል። ስለሆነም የብር መጠን፣ የክፍል ስም፣ የቦታና የሰው ቁጥር ፈጽሞ አይጥቀሱ። የአሠራር ሥርዓቱን፣ ስሕተት እንዴት ይገኝ እንደነበረና በእርስዎ ጥረት ምን እንደተሻሻለ ግን ያለ ሥጋት መናገር ይችላሉ፤ ለምሳሌ ዘግይቶ ይደርስ የነበረ የወር ሂሳብ በጊዜው እንዲዘጋ ማድረግዎን መግለጽ ማንንም አይጎዳም። ጠያቂው ገፋፍቶ ዝርዝር ቢፈልግ "ይህን ለመናገር አልተፈቀደልኝም" ይበሉት። በእኔ አስተያየት አስተዋይ ቀጣሪ ይህን መልስ ከሰማ፣ ነገ የራሱንም ምስጢር የሚጠብቅለት ሰው እንዳገኘ ይረዳል።

ከባቲ፦ በሠራዊቱ ውስጥ በግዥ ሰነድ ምርመራ ሠርቻለሁ። ባንክ መግባት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ከወለድ ጋር የተያያዘ ሥራ ለሃይማኖቴ አይስማማም። መንገድ ይኖር ይሆን?

አለ፤ እንዲያውም ሙያዎ ከዚያ ጋር በጣም ይቀራረባል። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ባንኮች ናቸው፤ ሌሎች ባንኮችም፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ፣ ከወለድ ነጻ አገልግሎት የሚሰጡባቸው መስኮቶችና ቅርንጫፎች አሏቸው።

በእነዚህ ተቋማት በስፋት የሚሠራበት ሙራባሃ የሚባለው ውል ደንበኛው የፈለገውን ዕቃ ባንኩ ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና የጨመረውን ትርፍ በግልጽ አሳውቆ ለደንበኛው የሚሸጥበት ነው። ውሉ ትክክለኛ የሚሆነው ባንኩ ዕቃውን በእርግጥ ገዝቶ ባለቤት ከሆነ በኋላ ሲሸጠው ስለሆነ፣ የዋጋ ማቅረቢያው ከደረሰኙ ጋር መስማማቱን፣ ርክክቡ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መፈጸሙንና ቀኖቹ አለመፋለሳቸውን የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ፕሮፎርማ፣ የግዥ ትእዛዝ፣ የዕቃ መረከቢያና ደረሰኝ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማመሳከር የእርስዎ የዕለት ተዕለት ሥራ አልነበረምን? በማመልከቻዎ ላይ ይህን በግልጽ ያያይዙት።

ከሐይቅ፦ ዲፕሎማ ብቻ ነው ያለኝ። ዲግሪ ሳልይዝ ባመለክት ዋጋ አለው?

አለው። በቴክኒክና ሙያ ተመርቀው የብቃት ምዘናውን ገና ካላለፉ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ፤ ያለዚያ ወረቀት ብዙ በር አይከፈትም። በገንዘብ ያዥነት ወይም በሂሳብ ሠራተኛነት እየሠሩ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ተቋም በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ከሆነ ዲግሪውን ይቀጥሉ። ለገንዘብ ያዥነት ዋስ ስለሚጠየቅ፣ ዋስ የሚሆንልዎን ሰው ከአሁኑ ያነጋግሩ።

ከከሚሴ፦ ወደ ግል ድርጅት ብገባ የጡረታ አገልግሎቴ ይጠፋል?

አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. የወጡት የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267 እና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 አገልግሎት ተያይዞ እንዲታሰብ ይፈቅዳሉ። በግል ድርጅት ከደመወዝዎ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ደመወዝዎ 12,000 ብር ቢሆን ከእርስዎ 840፣ ከአሠሪው 1,320 ብር መሆኑ ነው። የቀድሞ የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ለአዲሱ አሠሪ ያስረክቡ፤ በአዲስ ቁጥር እንዳይመዘገቡ ይጠንቀቁ።

ከቆቦ፦ ወረዳ ፋይናንስ፣ የእርዳታ ድርጅት ወይስ የግል ድርጅት? የትኛውን ይመክሩኛል?

ሽግግሩ ቀላል የሚሆነው በወረዳ ፋይናንስ ነው፤ የበጀት መደቡም ሕጉም የሚያውቁት ነው። በተለይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ የወሎ ወረዳዎች የሚካሄደው ሴፍቲኔት (የምግብ ዋስትና ለሌላቸው ቤተሰቦች የሚሰጥ የድጋፍ መርሐ ግብር) የተረጂዎች የክፍያ ዝርዝር ከባንክ ክፍያ ጋር በጥብቅ መመሳከር ያለበት ሥራ በመሆኑ፣ ብዛት ላለው ሰው ደመወዝ ሲያዘጋጅ የኖረ ባለሙያ ያስፈልገዋል። የእርዳታ ድርጅት ደመወዙ ከፍ ሊል ቢችልም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። በ2014ቱ ጦርነት ንብረትና ሰነድ የጠፋባቸው የደሴና የኮምቦልቻ ድርጅቶችም አሉ፤ ከባንክ መግለጫ፣ ከአቅራቢዎች ቅጂና ከቆጠራ ተነሥቶ የንብረት መዝገብን እንደገና ማቋቋም የሚችል ሰው ለእነዚህ ድርጅቶች ታላቅ ባለውለታ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ከሆነ በወረዳው እንዲጀምሩ፣ ጎን ለጎንም የግል ድርጅት ሂሳብ እንዲማሩ እመክራለሁ።

ከደሴ፣ አንዲት እህት፦ አንድ ንግድ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ከተቀጠርኩ ጥቂት ጊዜ ሆነኝ። ባለቤቱ ከካዝና ገንዘብ እያነሣ ይወስዳል፤ ስጠይቀው "የራሴ ገንዘብ ነው" ይለኛል። ያለ ሰነድ ገንዘብ ሲወጣ ማየት አልለመድኩም።

እህቴ፣ አለመልመድሽ መልካም ነው፤ እንዳትለምጂው። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ካዝናው የማኅበሩ እንጂ የባለቤቱ ኪስ አይደለም። ጠብ ሳትፈጥሪ፣ በአክብሮት፣ ለወሰደው ለእያንዳንዱ ብር የክፍያ ማዘዣ አዘጋጅተሽ አስፈርሚው፤ በሂሳቡም "ከባለአክሲዮን ተሰብሳቢ" ብለሽ መዝግቢው እንጂ በጽሕፈት መሣሪያ ወይም በጥገና ወጪ ስም እንዳታስገቢው። የግለሰብ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ የባለቤት ወጪ ተብሎ ከካፒታሉ ይቀነሳል። በወር መጨረሻ ድምሩን አሳዪው፤ አብዛኛው ባለቤት ምን ያህል እንደወሰደ በአንድ ቁጥር ሲያየው ራሱ ይደነግጣል።

ሁለት መዝገብ እንድትይዢ፣ አንዱን ለእሱ ሌላውን ለገቢዎች እንድታዘጋጂ ከጠየቀሽ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እንደማትሠሪው በጽሑፍ አሳውቂው፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ። ካልተመለሰ፣ ያስረከብሽውን ሁሉ በርክክብ ሰነድ አስፈርመሽ ሥራውን ልቀቂ።