ሦስት ማሽን በአንድ አድራሻ፦ ለፋብሪካ አውታረ መረብ አድራሻ ቀያሪ ስለ መምረጥ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ በሚገኙ የውኃ ማሸጊያና የዘይት መጭመቂያ ፋብሪካዎች የማሽን ቁጥጥር ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፍኩ መሐንዲስ ነኝ። ስለ አድራሻ ቀያሪ መሣሪያዎች ጥያቄ ያላችሁ እንድታቀርቡ ጋብዤ ነበርና ከደረሱኝ መካከል የሚከተሉትን እመልሳለሁ። ይህ መሣሪያ በሁለት አውታረ መረቦች መካከል ቆሞ የመልእክቶችን አድራሻ ይቀይራል፤ በእንግሊዝኛ NAT ይባላል። በአማርኛ «ናት» ብሎ መጻፍ ከግሱ ጋር ስለሚያምታታ፣ መሣሪያውን በፊደሎቹ «ኤንኤቲ» እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከአንድ አምራች የገዛናቸው ሦስት የጠርሙስ መሙያ ማሽኖች፣ ፒኤልሲዎቻቸው (ማሽኑን የሚያዝዙት ኮምፒውተሮች) ሁሉ 192.168.0.10 የሚል አድራሻ ይዘው ስለመጡ በአንድ አውታረ መረብ ላይ ይጋጫሉ። አድራሻቸውን መቀየሩ አይቀልም?

ማሽኑ አንድ ቢሆን ይቀል ነበር። ሆኖም ይህ አድራሻ በፒኤልሲው ብቻ ሳይሆን በኦፕሬተሩ ስክሪንና በሞተር መቆጣጠሪያዎቹም ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ አንዱን የነካ ሰው ሁሉንም ለመንካት ይገደዳል፤ የፕሮግራሙ ዋና ቅጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው በአምራቹ እጅ ነው። አምራቹ አንድ ፕሮግራም ለሁሉም ደንበኛ እንዲያገለግለው ስለሚፈልግ አሠራሩ ከእርሱ በኩል ምክንያታዊ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማሽን መግቢያ ላይ አንድ ኤንኤቲ ያስቀምጡ፤ ውስጡ እንዳለ ይቆይና ከውጭ ሦስቱ 10.20.0.11፣ 10.20.0.12 እና 10.20.0.13 ተብለው ይታወቁ።

ጥያቄ፦ ከከተማው መደብሮች በርካሽ የሚገኘው የቢሮ ራውተር ይህን አይሠራም?

የቢሮ ራውተር የተሠራው ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ እንዲወጡ ነው። በፋብሪካ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥያቄ የሚያነሣው ውጭ ያለው፣ ማሽኖቹን ከሩቅ የሚከታተለው የስካዳ ኮምፒውተር ሲሆን መላሹ ውስጥ ያለው ፒኤልሲ ነው። አንድ ፖርት (የአገልግሎት በር ቁጥር) ወደ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ በሞድባስ (በፋብሪካ መሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ) የሚሠሩ ሁለት መሣሪያዎች ካሉ ሁለቱም ፖርት 502ን ስለሚፈልጉ ሊጋጩ ይችላሉ። የሚያስፈልግዎ አንድ ለአንድ የሚቀይር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የውስጥ አድራሻ የራሱን የውጭ አድራሻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ በስዊች (የአንድ አውታረ መረብ መሣሪያዎችን በሚያገናኘው) ውስጥ የሚሠራውን ኤንኤቲ ልግዛ ወይስ ራውተር የሆነውን?

ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። በ10.20.0.5 ያለው የስካዳ ኮምፒውተር ጥያቄ ሲልክ፣ ተራው ኤንኤቲ የመድረሻውን አድራሻ ብቻ ቀይሮ ያስገባዋል። ፒኤልሲው መልሱን ለ10.20.0.5 ሊልክ ይነሣል፤ ይህ አድራሻ ግን የሰፈሩ ስላልሆነ፣ መውጫው ማለትም ጌትዌዩ ካልተነገረው መልሱ እዚያው ይቀራል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ገመድ ስቀያይር አድሬ፣ ጥፋቱ ባዶ የቀረው የጌትዌይ ቦታ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ሊነጋ ሲል ነበር።

ስለዚህ ካታሎግ ከመግለጥዎ በፊት፣ በፒኤልሲው ላይ ጌትዌይ መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ያጣሩ። ከቻሉ ራውተር የሆነው ይበቃዎታል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ግን፣ የላኪውንም አድራሻ ወደ ውስጥ አድራሻ የሚቀይር መሣሪያ ይፈልጉ፤ ያን ጊዜ ፒኤልሲው ጥያቄው ከጎረቤቱ የመጣ ስለሚመስለው ያለ ጌትዌይ ይመልሳል። ይህን አንዳንድ ራውተሮችም ስዊቾችም ያደርጉታል። የስዊቹ ብልጫ ቅየራው በሃርድዌር ስለሚከናወን መዘግየቱ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው፤ በሠንጠረዡ የሚይዘው የአድራሻ ብዛት ግን የተወሰነ ስለሆነ አስቀድመው ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፖሊ ተማሪ ነኝ። በኤንኤቲ የማያልፍ ነገር አለ?

አለ፣ ልጄ። ፕሮፊኔት የተባለው የፋብሪካ መነጋገሪያ ቋንቋ የቅጽበት መልእክቱ የአይፒ አድራሻ (እስካሁን ያወራነው ዓይነት አድራሻ) ስለሌለው ራውተር አያሳልፈውም፤ እርሱን ከማሽኑ ውስጥ አታውጣው። የፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌሮች መሣሪያ የሚፈልጉት ለሁሉም በሚበተን ጥሪ ስለሆነ፣ ከራውተሩ ማዶ ያለውን ፒኤልሲ በዝርዝራቸው አታገኘውም፤ አድራሻውን በእጅህ ጻፍ። ይበልጥ የሚያሳስተው ኦፒሲ ዩኤ የተባለው ሌላው የመነጋገሪያ ቋንቋ ነው፤ ሰርቨሩ በፖርት 4840 ከተገኘ በኋላ የውስጥ አድራሻውን በመልሱ ውስጥ ጽፎ ሊልክ ስለሚችል፣ ደንበኛው ያንን ይዞ ወደማይደርስበት ቦታ ይሄዳል። ኤንኤቲ በመልእክቱ ሆድ ውስጥ የተጻፈውን አይቀይርም።

ጥያቄ፦ አድራሻው ከተደበቀ ለደኅንነት በቂ አይደለም?

አይደለም። አንድ ለአንድ ሲቀየር ሁሉም ፖርት ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ከስካዳው አድራሻ ወደሚፈለገው ፖርት ብቻ የሚያሳልፍ የፋየርዎል ደንብ ያክሉበት።

ጥያቄ፦ ለባሕር ዳር በተለይ ምን እንይ?

በ24 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሁለት የኃይል መግቢያ ያለው፣ በኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ባለው የ35 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሰካና ቅንብሩን በሚነቀል ካርድ የሚያስቀምጥ ይሁን፤ በተበላሸ ሌሊት ካርዱን ወደ መለዋወጫው መክተት ፕሮግራም ለማያውቅ ጥገና ሠራተኛም አይከብድም። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ከፍታውን ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር መሣሪያው ሙቀቱን የማስወጣት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ብዙ አምራቾች የሙቀት ወሰናቸውን የሚያረጋግጡት እስከ 2,000 ሜትር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወሰኑ ውስጥ ናት፤ ያንኑ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ የሚተክል ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ የሚፈቀደው ሙቀት በምን ያህል እንደሚቀንስ ከመመሪያው ላይ ያንብብ።