ድራይቨሩ የጠፋበት የዩኤስቢ ገመድ

ጥያቄ፦ የእህል መደብሬ ዲጂታል ሚዛን ከላፕቶፔ ጋር የሚገናኘው የሚዛኑን የድሮ ባለ 9 ፒን መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ በሚለውጥ ገመድ ነው። ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ ከተጫነ ወዲህ ግን ገመዱ በዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩን መሣሪያዎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዞ ይታያል። ድራይቨሩን (ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ዊንዶውስ ራሱ እንዲፈልግ ሳዘውም አላገኘሁም ይለኛል። ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ ነው። ሌላ ገመድ ልግዛ?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ገንዘብዎን ለጊዜው ይያዙ። ዊንዶውስ «አላገኘሁም» ሲል ብዙ ጊዜ የፈለገው እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ከተከማቹት ድራይቨሮች መካከል ብቻ ስለሆነ፣ መልሱ ድራይቨሩ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያ የገመዱን ማንነት ይወቁ። ቢጫ ምልክት ያለበትን መስመር በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ዲቴይልስ ውስጥ ገብተው ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ይምረጡ። ቪአይዲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የአምራቹ መለያ ሲሆኑ፣ ፒአይዲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ደግሞ የምርቱ ናቸው። ለምሳሌ 0403 እና 6001 ቢያነቡ፣ በገመዱ ላይ የታተመው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ውስጡ ያለው ቺፕ የስኮትላንዱ ቺፕ አምራች የኤፍቲዲአይ ሥራ እንደሆነ ይናገራል። 0000 እና 0002 ካዩ ግን ኮምፒውተሩ መሣሪያውን መለየት ራሱ አልቻለምና ድራይቨር መፈለጉ ድካም ብቻ ነው፤ ያኔ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሞክሩ፣ ካልሆነም አዲስ ገመድ መግዛቱ ተገቢ ይሆናል።

መለያው ከታወቀ በኋላ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለውን ይክፈቱ፤ ከ2020 ወዲህ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ብዙ ድራይቨሮች የሚቀመጡት እዚያ ነው። የዳታ ፓኬጅዎን ለመቆጠብ የስልክዎን ግንኙነት ሚተርድ (ፍጆታው የሚቆጠብ) ብለው መዝግበውት ከሆነ፣ ዊንዶውስ ድራይቨር ከማውረድ ሊቆጠብ ስለሚችል ያንን ለጊዜው ያንሱት። እዚያም ከሌለ፣ ያገኙትን መለያ እንዳለ ወስደው በማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ድረ ገጽ ወይም በቺፑ አምራች ድረ ገጽ ይፈልጉ። ድራይቨር እናገኝልዎታለን የሚሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ግን እኔ አልመክርም፤ ብዙዎቹ ያልጠየቋቸውን ነገር ጭነው ይሄዳሉ።

የወረደው ፋይል ታሽጎ ስለሚመጣ በቅድሚያ ወደ አንድ ፎልደር ያውጡት፤ ከዚያ በዲቫይስ ማናጀር ድራይቨሩን ከኮምፒውተሬ ልምረጥ የሚለውን ተጭነው ፎልደሩን ያሳዩት። የኤፍቲዲአይ ገመድ ከሆነ አይደናገጡ፤ የመጀመሪያው ድራይቨር እንደተጫነ ሁለተኛ ቢጫ ምልክት ሊመጣ ይችላል። ገመዱ በሁለት ድራይቨር ስለሚሠራ ያንኑ ፎልደር በድጋሚ ማሳየት ነው።

በመጨረሻ ገመዱ ፖርትስ በሚለው ሥር ኮም 3 ወይም ሌላ ቁጥር ይዞ ይታያል። ይህን ቁጥር በሚዛኑ ፕሮግራም ላይ ካላስገቡት፣ ድራይቨሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ክብደቱ አይነበብልዎትም።