መልስ፦ ታይሮድ ከተቀየረ በኋላ መሪው ወደ ግራ የተንጋደደ ቪትዝ

አብሽር ወንድሜ፣ ይስተካከላል። ታይሮድ (መሪውን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ካስቀየርክ በኋላ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ጋራዡም «መሪውን ነቅለን እናዙረው» አለኝ ብለሃል። እባክህ እንዳታስነቅል! መሪው የተንጋደደው የታይሮዶቹ ርዝመት ስለተዛባ ነው። ነቅሎ ማዞር ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። መኪናው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እኩል አይታጠፍም፣ ፍሬቻውም በትክክል አይመለስም። ኤርባግ ካለው ደግሞ አጉል መነካካት አደገኛ ነው።

መጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ አስለካና ሞክረው። ደሴ ውስጥ ወይም ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግን አትሞክር፣ ቁልቁለቱና ኩርባው ያሳስትሃል። ኮምቦልቻ ወርደህ ሜዳ መንገድ ላይ እየው።

ከዚያ አላይመንት ማሽን (የጎማ አቀማመጥ የሚያስተካክሉበት) ያለው ቤት ውሰደው። ከሁሉ በፊት መሪው ልክ መሃል ላይ ይታሰር በላቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኼ ነው። ከዚያ የሁለቱም ታይሮድ ዳዶ ይላላል። ያንተ መሪ ወደ ግራ ስላዘነበለ የግራው ያጥራል፣ የቀኙ በዚያው ልክ ይረዝማል። ይኼ ታይሮዱ ከጎማው መሃል በስተኋላ ለሆነ መኪና ነው፤ በስተፊት ከሆነ ተቃራኒው ይሠራል። አንዱን ብቻ ከነኩ የጎማዎቹ አቀማመጥ ይዛባና ጠርዝ ጠርዙን ይበላል።

ሲጨርሱ ዳዶዎቹ በደንብ መጥበቃቸውን በዓይንህ እይ። ሒሳብ ከመክፈልህ በፊትም አንተው ራስህ ንዳው።