ስኳር ስለመቀነስ የጠየቃችሁኝ፣ ከነመልሱ

ስለ ስኳርና ስለ ጣፋጭ አምሮት የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሥራዬ የሥነ ምግብ ምክር ነው፤ ዓመታት ሆኖኛል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎቻችሁ ጥያቄያችሁን የጀመራችሁት «ራሴን መግዛት ያቃተኝ ሰው ነኝ» ብላችሁ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል። የምትጽፉልኝን ሳነበው የማየው የተራበ ሆድ፣ ያልተኛ ሰውነትና ጣፋጭ የለመደ ምላስ ነው። ሦስቱም መላ አላቸው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ በቀን ስንት ማንኪያ ይፈቀዳል? ጨርሼ ላቁም ወይስ ልቀንስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ውስጥ ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ማለት ነው። አንድ ልክ የሆነ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል ብለን ብናሰላ 12 እና 6 ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ቁልል ካደረግሽው ግን 4 ግራም ብቻ አይደለም፣ እሱን አትርሺ። እዚህ ውስጥ የሚቆጠረው ራስሽ የምትጨምሪው ብቻ ሳይሆን ፋብሪካ የጨመረው፣ ማሩ፣ ሽሮፑና የፍራፍሬ ጭማቂውም ነው። ሙሉ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ስኳር አይቆጠርም።

ጨርሶ ማቆም የሚቀላቸው ሰዎች አሉ። ለአብዛኛው ሰው ግን መቀነሱ ይበቃል፣ ይዘልቃልም።

ጥያቄ፦ በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፣ በየአንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ከምሳ ጋር ደግሞ አንድ ጣሳ ለስላሳ። ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ አብረን እናስላው። ሻዩ ብቻውን 15 ማንኪያ ነው፣ 60 ግራም ማለት ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጣሳ የተለመደው ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል አለ፣ ወደ 9 ማንኪያ። ምግብህን ገና ሳንነካ 95 ግራም ደረስን። ይሄን የምነግርህ ላስደነግጥህ ፈልጌ አይደለም። ችግሩ በሙሉ ማለት ይቻላል በመጠጥህ ውስጥ መሆኑ ትልቅ ዕድል ስለሆነ ነው። ከምግብ ይልቅ ከመጠጥ ስኳር መቀነስ በጣም ይቀላል፤ በፈሳሽ የሚገባ ስኳር ሆድ አይሞላም፣ ስታስቀረውም አያስርብህም።

መጀመሪያ ለስላሳውን በውኃ ተካው። ጋዙ ከናፈቀህ ስኳር የሌለው የጋዝ ውኃ ጠጣ። በሳምንት አንድ ቀን ለስላሳ ብታገኝ ዓለም አይገለበጥም። ለሁለት ሳምንት ሻዩን እንዳለ ተወው። ከዚያ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ግማሽ ማንኪያ ቀንስ፣ ከግማሽ አትበልጥ። መቀነስ በጀመርክ በአራተኛው ሳምንት አንድ ማንኪያ ላይ ትደርሳለህ። አምስት ብርጭቆ በአንድ ማንኪያ 20 ግራም ነው። ከ95 ወደ 20 ወረድክ ማለት ነው፣ አንድም ብርጭቆ ሻይ ሳይቀርብህ።

ቀስ በል የምልህ ለምላስህ ብዬ ነው። ጣፋጭ መቅመስ ልማድ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይለወጣል። ምክር ከምሰጣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከአንድ ከሁለት ወር በኋላ የድሮውን ሻያቸውን ሲቀምሱ ሽሮፕ ሽሮፕ ይላቸዋል። በአንድ ቀን ከሦስት ወደ ዜሮ የወረዱት ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ተመልሰው ሦስት ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ አሥር ሰዓት ሲሆን ጣፋጭ ካላገኘሁ እጄ ሥራ አይዝም። ቁርስ አልበላም፣ ምሳዬም ዳቦ በሻይ ነው። ይሄ ሱስ ነው?

እህቴ፣ እኔ ይሄን ረሃብ ነው የምለው። ጠዋት ባዶ ሆድ፣ ምሳ ዳቦ በሻይ። ነጭ ዳቦ ቶሎ ይፈጫል፣ በደምሽ ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ኢንሱሊን ይወጣና ያወርደዋል። ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰውነትሽ «ቶሎ የሚደርስ ነገር አምጪ» ይልሻል። ከስኳር በላይ ቶሎ የሚደርስ ምን አለ? አእምሮ ደግሞ ጣፋጭ ሲያገኝ ደስ የሚለው ሆኖ ነው የተሠራው፣ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ያገኘውን ዛሬም በዚያው ሰዓት ይጠብቃል።

ስለዚህ ከአሥር ሰዓቱ ጋር አትታገዪ፣ ሂጂና ምሳሽን አስተካክዪ። ሳህንሽ ላይ ፕሮቲን ይኑር፤ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ የተገኘው። አትክልት ይኑር፣ ትንሽ ዘይት ወይም ሌላ ቅባት ይኑር። ዳቦውም ቢሆን ካልተጣራ ዱቄት የተጋገረ ቢሆን ይመረጣል። ቁርስም ብይ፤ ጠዋት ምግብ አይገባኝም ካልሽ በኋላ ረፋድ ላይ ብይው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አምሮቱ ሳይመጣ በፊት፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ወይም ስኳር ያልገባበት እርጎ ያዢ። ሁለት ሳምንት ሞክሪውና ንገሪኝ።

አምሮቱ ከመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ፦ «አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጠኝ እበላለሁ?» እበላለሁ ካልሽ ርቦሻል፣ ብይ። እንቁላሉን አልፈልግም፣ ብስኩቱን ብቻ ነው ካልሽ አምሮት ነው። አምሮት እንደ ማዕበል ነው፣ ይነሳል፣ ያይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሲያይል መቼም የማይበርድ ይመስላል። ተነሺና አሥራ አምስት ደቂቃ በእግርሽ ሂጂ፣ ውኃ ጠጪ፣ ሰው ደውለሽ አናግሪ። ከዚያ በኋላም ከፈለግሽው ብይው፤ ግን ሳህን ላይ አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ከፓኮው ሳይሆን።

ጥያቄ፦ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ሌሊት ላይ ከረሜላና ቸኮሌት ካልበላሁ አልነቃም።

እንቅልፍ ሲጎድል ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ሌፕቲን ደግሞ ይቀንሳል። ያልተኛ ሰው ከጤነኛ ምግብ ይልቅ ጣፋጭና ቅባታም ነገር ላይ ዓይኑ ያርፋል። ስለዚህ ያንተ ጉዳይ ከከረሜላው በፊት የቀን እንቅልፍህ ነው። ክፍልህን አጨልም፣ ስልክህን ዝጋ፣ ቤተሰብ እንዳይቀሰቅስህ ለምን። ፈረቃ ከመግባትህ በፊት ጠንከር ያለ ምግብ ብላ፣ ለሌሊቱም ከቤት ቋጥረህ ሂድ፤ ሌሊት ላይ ምግብ ካልያዝክ ከረሜላው ማሸነፉ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ስኳር ትቼ በማር ተክቼዋለሁ። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል? ቡናማ ስኳርስ?

ማር ከክብደቱ ወደ 80 በመቶው ስኳር ነው። ሰውነትሽ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ጣዕሙን ከወደድሽው ትንሽ ተጠቀሚ፣ ግን ቁጠሪው። ቡናማውም ከነጩ የሚለየው በቀለምና በጥቂት ጣዕም ነው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ፍራፍሬም ላቁም? ጠዋት ጠዋት ትኩስ የብርቱካን ጭማቂ እጠጣለሁ፣ እሱስ?

ፍራፍሬ አታቁም፣ እባክህ። ስኳር ፈርተው ብርቱካንና ፖም የተዉ፣ ግን ሻይ በስኳር የሚጠጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሙሉ ፍራፍሬ አሰሩ አብሮት ስላለ ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ማኘኩም ያጠግባል። ጭማቂ ሲሆን አሰሩ አብዛኛው ይቀራል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ ያንን ሁሉ በአንድ መቀመጫ ልጠህ አትበላውም፣ በሁለት ደቂቃ ግን ትጠጣዋለህ። ብርቱካኑን ብላው።

ጥያቄ፦ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችስ? ካንሰር ያመጣሉ ሲባል ሰምቼ ፈራሁ።

የሰማሽው እ.ኤ.አ. በ2023 አስፓርቴም ስለሚባለው ማጣፈጫ የተነገረውን ይመስለኛል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ይሄ ምድብ ማስረጃው ውስን የሆነ ነገር የሚገባበት ነው። የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ኮሚቴ ደግሞ በዚያው ጊዜ የቀን ጣሪያውን አልቀየረም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም እንደሆነ ቀጥሏል። በቀን አንድ ጣሳ ስኳር አልባ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው እዚያ አይደርስም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ እነዚህን አትጠቀሙ የሚል ምክር አውጥቷል፣ በረጅም ጊዜ ክብደት በመቀነስ ረገድ ጥቅማቸው ስላልታየ። ምክሩ አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። እኔ እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ አያቸዋለሁ። በቀን ሦስት ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ለሁለት ወር ስኳር አልባውን ቢጠጣ እደግፈዋለሁ። ድልድዩ ላይ ቤት ሠርቶ እንዲኖር ግን አልፈልግም፤ ምላሱ ያንኑ ያህል ጥፍጥና እየለመደ ይቀጥላልና።

ጥያቄ፦ 62 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ጣፋጭና ዳቦ በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጌ ልተው ወስኛለሁ።

አባቴ፣ ውሳኔዎ ደስ ይለኛል፣ ግን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አይጀምሩ። የሚወጉት መጠን የተሰላው አሁን በሚበሉት ልክ ነው። ምግቡ በድንገት ቀንሶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳርዎ ከሚገባው በታች ይወርዳል፣ ይሄ ደግሞ አደገኛ ነው። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ሕመም ክኒን የሚወስዱም ይሄ ይመለከታቸዋል።

ካላብዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልብዎ ከመታ፣ ግራ ከተጋቡ ወዲያው ይለኩ። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ወይም መለኪያው በእጅዎ ከሌለ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ይውሰዱ፦ በውኃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ብርጭቆ መደበኛ ለስላሳ። ስኳር አልባው ለዚህ አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፣ ካልተነሳ ይድገሙት። ሲነሳ ምግብ ይብሉ። ቤተሰብዎም ይወቀው፤ ራስን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ወደ ሕክምና ነው የሚወሰደው። በኪስዎ ከረሜላ አይለይዎ። ለእርስዎ መድኃኒት ነው።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ቀን ቆይቼ ልደት ላይ ኬክ በላሁ። ከዚያ «አንዴ ተበላሽቷል» ብዬ ሳምንቱን ሙሉ በላሁ። ከአንድ ልጀምር?

ከአንድ አትጀምሪ። ዘጠኙ ቀን የትም አልሄደም። የጎዳሽ የልደቱ ኬክ አይደለም፣ አንድ ቁራጭ ነበር፤ የጎዳሽ «ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ ነው። ቀን መቁጠሩንም ተዪው፣ ቁጥሩ ሲሰበር ሰው ይሰበራል። ቀጣዩ ምግብሽ እንደ ወትሮው ይሁን፣ ሌላ ማካካሻ የለውም። ረሃብም አትቅጪ፤ ራሷን በረሃብ የቀጣች ሴት ማታ ላይ ምን እንደሚያምራት ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ጣፋጭ ሲበላ ያቅበጠብጠዋል። ጨርሼ ልከልክለው?

ስኳር ሕፃናትን ያቅበጠብጣል የሚለው ብዙ ተፈትኗል። ማን ስኳር እንደበላ፣ ማን ማጣፈጫ እንደበላ ወላጅም ልጅም ሳያውቅ በተደረጉ ጥናቶች ላይ የባሕርይ ልዩነት አልታየም። ልጆች ጣፋጭ የሚበሉት ብዙውን ጊዜ ግርግርና ጨዋታ ባለበት ነው፣ መቅበጥበጡም ከዚያ ይመጣል። ለመቀነስ ግን ሌላ በቂ ምክንያት አለሽ፣ ጥርሱ። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ መምጠጥ፣ አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር በልቶ ከመጨረስ በጣም ይብሳል።

ጨርሰሽ አትከልክዪው፣ ሽልማትም አታድርጊው። «ምግብህን ከጨረስክ ከረሜላ» ስንል ምግቡን ቅጣት፣ ከረሜላውን ንጉሥ እናደርገዋለን። ታናሽ ካለው ደግሞ፣ ከሁለት ዓመት በታች የተጨመረ ስኳር ባይለምድ ጥሩ ነው፣ ከአንድ ዓመት በታች ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየቀኑ ብስኩት ይዞ ይመጣል፣ ተው ብለው ይቀየማል።

ተው አትበዪው። «ለእኔ ከባድ ስለሆነብኝ እርዳኝ» በዪው። የሚበላውን የራሱ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ያላዩት ነገር ብዙም አያምርም።

ጥያቄ፦ ለስላሳ ካቆምኩ ሦስት ቀኔ፣ ራሴን ሊፈነቅለኝ ነው።

የምትጠጣው ኮላ ከነበረ ካፌይኑ ነው የቀረብህ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቅሃል። አንድ ስኒ ቡና ያለ ስኳር ብትጠጣ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ የታሸገ ምግብ ላይ «ስኳር» የሚል ካልተጻፈ ነፃ ነው?

አይደለም። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ፣ ሱክሮስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ የጭማቂ ክምችት፣ ሁሉም ስኳር ናቸው። ዝርዝሩ ከብዙ ወደ ትንሽ ነው የሚጻፈው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካየሃቸው መልሰህ አስቀምጠው። ሠንጠረዥ ካለው ደግሞ ከ100 ግራም ውስጥ ስንት እንደሆነ እይ፤ ከ5 ግራም ካልበለጠ ትንሽ ነው፣ ከ22.5 ግራም ከበለጠ ብዙ ነው። ኬቻፕ ላይ ሞክረው፣ ትገረማለህ።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። ጣፋጭ በጣም ያምረኛል፣ ውኃ ደግሞ አይጠግበኝም፣ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ሳልሞክር 6 ኪሎ ቀንሻለሁ። አምሮቱን እንዴት ላቁም?

ወንድሜ፣ አምሮቱን ለጊዜው ተወው። ጥማት፣ ሽንት መብዛትና ያለ ምክንያት መክሳት አንድ ላይ ሲመጡ የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ምርመራው ቀላል ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳትበላ ቆይተህ ደም ትሰጣለህ፤ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመምን ያሳያል፣ ከ100 እስከ 125 ከሆነ መንገድ ላይ ነህ ማለት ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን ትንፋሽ ከተጨመረበት ባዶ ሆድ ምናምን ሳትል አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ካልሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ ሂድ። ውጤቱን ስታገኝ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።