«ንስሐ ገባሁ፤ ግን ያው ነኝ»

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ከረሙ። ነርስ ነኝ። ያለፈው ዓመት ከብዶኝ ነበር። ንስሐ ገባሁ፣ ቀኖናዬን ፈጸምኩ፣ ቆረብኩም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያው ንዴቴ፣ ያው ቅናቴ ተመለሰ። በዚህ መሀል አንዲት ጓደኛዬ ስለ አልኬሚ የሚያወራ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ሰጠችኝ። ሰው እንደ እርሳስ ማዕድን ነው፤ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይነጣል፣ ከዚያ ይቀላል፣ በመጨረሻ ወርቅ ይሆናል ይላል። ስለ መጥቆሩ የተጻፈውን ሳነብ እኔን አስቀምጦ የጻፈኝ ነው የመሰለኝ። አሁን ሕልሞቼን በደብተር እጽፋለሁ። ኃጢአት ነው? ወይስ ንስሐ የምንለው ነገር በሌላ ስም ነው? ደብተሩን ላቃጥለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከደብዳቤሽ የያዘኝ አልኬሚው አይደለም። «ያው ንዴቴ» ያልሽው ነው። ይህን ቃል በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ በተለይ ከፍልሰታ በኋላ ባሉት ሳምንታት። በጾሙ የቆረበ ሰው መስከረም ላይ መጥቶ «መምህር፣ አልሠራልኝም» ይለኛል። መድኃኒት ቤት ዕቃ የሚመልስ ነው የሚመስለው። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ መጽሐፉን እንጨርስ።

አልኬሚ ጥንት የምድጃ ሥራ ነበር። ከግብፅ ተነሣ፣ በዐረቦች እጅ አልፎ አውሮፓ ገባ። ስሙ ላይ ያለው «አል» የዐረብኛው ነው። እርሳስን ወርቅ ለማድረግ ስንት ሰው ዕድሜውን በጭስ ጨርሷል። ኒውተን እንኳ ከፊዚክሱ ጎን ለጎን በዚህ ላይ ብዙ ወረቀት ጽፏል። ጓደኛሽ የሰጠችሽ ሐሳብ ግን የስዊሱ የአእምሮ ሐኪም የካርል ዩንግ ነው። የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነው፤ በ1875 ተወልዶ በ1961 ዐረፈ፣ በእነሱ አቆጣጠር። በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አልኬሚስቶቹ ስለ ብረት የጻፉ መስሏቸው ሳያውቁት ስለ ነፍሳቸው ጻፉ። ማሰሮው ውስጥ የጠቆረው የራሳቸው ውስጥ ነው።

የሞኝ አስተያየት አይደለም። በሽተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው አስተያየት ነው። ስለዚህ ማንበብሽን ኃጢአት ነው ብዬ አላስደነግጥሽም።

አንድ ቦታ ላይ ግን መንገዳችን ይለያያል፤ እዚያ ላይ ጠንከር እላለሁ። ዩንግ የአልኬሚስቶቹን ድንጋይ፣ ያንን ሁሉን ወርቅ ያደርጋል የሚሉትን፣ ከክርስቶስ ጋር እያነጻጸረ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፏል። ልዩነቱንም ራሱ አስተውሎታል። በክርስትና ሰው የሚድን ነው። አልኬሚስቱ ግን አዳኙ እኔ ነኝ ባይ ነው፤ በቁስ ውስጥ የታሰረውን መለኮታዊ ነገር የሚፈታው እሱ ነው። እንግዲህ ልብ በይ። ጌታችን የውስጣችን ምልክት አይደለም። ከእመቤታችን የተወለደ፣ በጲላጦስ ዘመን የተሰቀለ፣ የተነሣ አምላክ ነው። ሕልምሽን የሚተረጉምልሽ ምሳሌ ካደረግሽው ልትጸልዪለት አትችይም። ለምልክት ማን ይጸልያል?

አሁን ወደ «ያው ነኝ» ልመለስ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን አንጥረኛ ነበሩ። አንድ ቀን አንዲት እናት ለክርስትና ልጃቸው የአንገት መስቀል ሊያሠሩ ጠገራ ብር ይዘው መጡ። ያ ሴትዮዋ ያለችበት፣ 1780 የሚል የተጻፈበት ማርትሬዛ። አንጥረኛው በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ጣሉት፤ ልጃቸው ወናፉን ይጫናል። መጀመሪያ ብሩ ጠቆረ። ቀጥሎ የንግሥቲቱ አፍንጫ ጠፋ፣ ከዚያ ፊቷ። እኔ ደነገጥኩና «ጋሼ፣ ተበላሸ!» አልኩ። ዞር እንኳ አላሉም። «ምኑ? ብሩ ያው ብር ነው» አሉኝ። ማታ መስቀሉን ሲያስረክቡ እናትየው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉትና ሳሙት።

ለዓመታት የማገኘው ስሕተት ይኸው ነው። ምእመናን ንስሐን እንደ አልኬሚስት ያስቡታል። እርሳስ ሆኖ ገብቶ ወርቅ ሆኖ መውጣት፤ ሌላ ሰው መሆን። ሌላ ሰው ሳይሆኑ ሲቀሩ ንስሐው ከሸፈ ይላሉ። እኛ ግን እርሳስ ሆነን አልተፈጠርንም። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ነው የተፈጠረው። በሉቃስ ምዕራፍ 15 ያቺ ሴት ድሪሟን ስትፈልግ ቤቱን ጠረገች እንጂ ጠጠር ለቅማ ድሪም አልሠራችም። ድሪሟ አቧራው ውስጥ ሆናም ድሪም ነበረች።

«ጳውሎስ አዲስ ፍጥረት ይል የለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ይላል። የዳዊትም መዝሙር «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ» ይላል፤ አቤቱ ንጹሕ ልብ ፍጠርልኝ። ግን «ፍጠርልኝ» የተባለው ማን ነው? ዳዊት ደግሞ ይህን ጸልዮ ዳዊትነቱ አልቀረም። ጳውሎስም ችኩልነቱንና ግለቱን ይዞ ነው ሐዋርያ የሆነው። መልእክቶቹን አንብቢ፤ ለስላሳ ሰው አታገኚም።

አባቶቻችን ስለ ተዋሕዶ፣ መለኮትና ሥጋ በጌታ አንድ ስለ መሆናቸው፣ ሲያስተምሩ የጋለ ብረትን ምሳሌ ያመጣሉ። ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ይበራል፣ ያቃጥላል፤ የእሳትን ሥራ ይሠራል። ብረትነቱ ግን አልጠፋም። ምሳሌው ስለ ጌታ ነው፤ ለእኛ ሲሆን እንደ አቅማችን እንውሰደው። የምንለወጠው ሌላ ማዕድን በመሆን አይደለም፤ እሳቱ ስለገባብን ነው። ኢሳይያስን ሱራፊው በጉጠት ፍሕም ወስዶ ከንፈሩን ዳሰሰው። ከንፈሩ የዚያው የኢሳይያስ ከንፈር ነው። ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል፣ በቁርባኑ ማንኪያ፣ ደሙን ሲያቀብልሽ ያ ጉጠት ነው ትዝ ሊልሽ የሚገባው።

ሚልክያስ 3፥3 ላይ ጌታ ብርን እንደሚያነጥር ሰው «ይቀመጣል» ይላል። ቃሏን ወድጃታለሁ። ይቀመጣል! ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ ከዚያች ዱካ አልተነሡም ነበር። አንቺ ግን በሦስተኛው ሳምንት ተነሥተሻል።

እርሳስን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በጥንት ጊዜ ብር ሲነጠር እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ እድፉን ይዞለት እንዲሄድ። ኤርምያስ 6፥29 ላይ የምታገኚው እርሳስ እሱ ነው። ነቢዩ የሚያዝነው እርሳሱ ወርቅ ስላልሆነ አይደለም። ወናፉ ተናፍቶ፣ እርሳሱ ቀልጦ፣ እድፉ አልለቅ ስላለ ነው። ይህኛው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ እሱን ፍሪ።

ስለዚህ ጥያቄው «ንዴቴ ተመለሰ ወይ?» አይሁን። አምና ስትቆጪ ስንት ቀን ታኮርፊ ነበር? አሁንስ? አምና ባልደረባሽ ላይ የቀናሽውን ቅናት ስም ሰጥተሽው ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ ላይ «ቅናቴ» ብለሽ ጽፈሻል። ከሰባት ሰው ስድስቱ «ሰዎች አይወዱኝም» ብሎ ነው የሚጽፍልኝ።

ሕልም ስለ መጻፍም ትንሽ ልበል። ከ1,700 ዓመት በፊት ገደማ በላይኛው ግብፅ፣ ዛሬ አክሚም በሚባለው ከተማ፣ ዞሲሞስ የሚባል አልኬሚስት ነበር። እሱም እንደ አንቺ ሕልሙን ጽፏል። ሰው በመሠዊያ ላይ ሲቆራረጥና ሲፈላ አየሁ ይላል። ዩንግ ይህን ሕልም በጣም አጥንቶታል። የሚገርመው፣ ብዙም ሳይቆይ በዚያው አገር የአባ ጳኩሚስ መነኮሳት ገዳም አቆሙ። ከአባይ ማዶ ደግሞ የአባ ሲኖዳ ገዳም አለ፤ ሕንፃው እስከ ዛሬ ቆሟል። የዞሲሞስ ጥበብ ምሥጢር ነው፤ ለተመረጠ ሰው ብቻ በእንቆቅልሽ ይጻፋል። የመነኮሳቱ ጥበብ ሰሌን መታታት፣ አብሮ መብላት፣ አበ ምኔቱን መታዘዝ ነው። ማንም ገበሬ ገብቶ ይማረዋል። አሁንም በኢንተርኔት «የውስጥ አልኬሚ» ብለው በዶላር ኮርስ የሚሸጡ አሉ። የተደበቀ እውቀት ነው የሚሉሽን ሁሉ ዝጊያቸው። ለመዳን የሚያስፈልግሽን ቤተ ክርስቲያን ደብቃብሽ አታውቅም። በየእሑዱ በድምፅ ማጉያ ነው የምትናገረው፤ አንዳንዴ ጎረቤት እስኪማረር።

ነርስ ስለሆንሽ ደግሞ ይህን ካንቺ አልደብቅም። ጨለማ ሁሉ ደረጃ አይደለም። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መኖር ካታከተሽ «እየጠቆርኩ ነው፣ ቀጥሎ እነጣለሁ» ብለሽ አትጠብቂ። ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ሂጂ። ለታካሚሽ የምትዪውን ለራስሽም በዪው። ጠበሉም ጸሎቱም ከሐኪም ጋር አይጣላም።

ደብተሩን አታቃጥዪው። ትንቢትም አታድርጊው፤ ሕልም ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም፣ ሁሉም ከሰይጣን አይደለም፣ አንዳንዱ የራት ነው። ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢውና ስለ ንዴትሽ፣ ስለ ቅናትሽ የጻፍሽበትን ገጽ እጠፊ። ባለፈው ንስሐ አባትሽ ጋ ስትሄጂ፣ እንደምገምተው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰልፎ፣ አንቺም በአምስት ደቂቃ ቆጥረሽ ወጥተሻል። አሁን ስልክ ደውዪላቸው። «አባ፣ የእሑዱ አይበቃኝም፤ በአዘቦት ቀን አንድ ሰዓት ይስጡኝ» በያቸው። ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ፤ የታጠፉትን ገጾች አንብቢላቸው። እምቢ አይሉሽም። ከተቸገሩም ቀኑን ይቀይሩልሻል፤ አንቺ ግን ቀጠሮው ሳይያዝ ስልኩን እንዳትዘጊ።